የእግዱ መሬት

ኮልፌ ላይ ከብት የማይግጠው ሣር ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እሱም በወለተጻድቅና በቀጄላ ግቢ መካከል ያለው ነው። ወገብ ድረስ ያድጋል፣ በጋ ሲመጣ ቆሞ ይደርቃል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ያድጋል። ጥጃ አንገቱን በአጥር ካሾለከ ከወዲያ ቀጄላ፣ ከወዲህ ወለተጻድቅ ዱላ ይዘው እኩል ይወጣሉ። ጥጃ ምን ያውቃል! መሬቱ እግድ እንዳለበት ማን ይንገረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወለተጻድቅ ባል መሬቱ በወታደርነቴ የተሰጠኝ ነው ይል ነበር። ቀጄላ ደግሞ አባቴ ከብት ያሰማራበት፣ ማንም ሳይሰጠን የኛ የሆነ ነው ይላል። ባልየው ሞተና ሙግቱ ለሚስት ወረደ። ወለተጻድቅ የባሏን ካባ ሸጣለች፣ በቅሎውን ሸጣለች፤ ሙግቱን ግን የሚገዛት ቢገኝም አትሸጠውም። ሁለቱም በክርክር ነፍሱን ሲያወጡት ጊዜ ዳኛው፣ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ማንም እንዳያርስበት፣ ማንም እንዳይሠራበት ብሎ መሬቱን አገደ። ከዚያ ጣልያን መጣ። ዳኛው የት እንደገባ ጠፋ፣ ችሎቱም ተበተነ፣ እግዱ ግን እንደቆመ ቀረ። እግድ የጣሰ ይረታል፤ ዳኛ ኖረም አልኖረም ሁለቱም ይህን አይረሱም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ?

ጣልያን መንገዱን ሲያሰፋ የወለተጻድቅን ቤት ከነግቢው ጠርጎ ወሰደው። የቀረቻት በእግዱ መሬት ጫፍ ያለችው ማድ ቤቷ ብቻ ናት። እሷም ብትሆን ግድግዳዋ ላይ የጣልያን ምልክት በኖራ ተቀብቶባታል፤ ኖራ የተቀባ ቤት ደግሞ ክረምቱ ሲያልፍ ይፈርሳል። እንግዲህ ያ ሣር ያለበት መሬት ለወለተጻድቅ ከእልህ አልፎ ጎጆ መቀለሻ ሆነባት። ሌላ እግሯን የምታሳርፍበት ቦታ የላትም። ዘመድ ቤት ሄዶ ጥግ መለመን ደግሞ ለእሷ ከሞት አይሻልም።

ነሐሴ ላይ አንድ ጣልያን ሹም መለኪያ ገመድ አስይዞ መጣ። አስተርጓሚው ጉልላት የሚባል፣ ፀጉሩ ቅባት የጠጣ ጎረምሳ ነው። ሰፈርተኛውን ሰብስቦ፣ ከመንገዱ ማዶ ለሚሠሩት የነጮች ቤቶች በየአካባቢው ትንንሽ መናፈሻ እንዲበጅ ታዟልና ባለቤት የሌለው ባዶ መሬት ሁሉ ይወሰዳል አለ። መናፈሻ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁት፣ አበባ ተተክሎበት ሰው ተቀምጦ ነፋስ የሚቀበልበት ነው ብሎ አስረዳ። ኮልፌ ላይ ምን ሲጠፋ ነፋስ ይጠፋል ብለው ሰዎቹ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ጉልላት ግን አልሳቀም። መሬቱ የኔ ነው የሚል ሰው ወረቀት ይዞ እንዳይመጣ፣ ሰኞ ወሰንተኛውን አቁሞ ያስመስክር ብሎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ጉድ ይላል። ትናንት ድንጋይ የነበረበት ሁሉ ዛሬ ጎመን ወጣበት። ዶሮ የማይገባበት ጎጆ በየስርቻው ተቀለሰ። ወለተጻድቅም የጎመን ችግኝ አምጥታ አጥሯ ሥር ቆመች። ከወዲያ ማዶ ቀጄላ መቆፈሪያውን ይዞ ቆሟል። መጀመሪያ የረገጠ እግድ ጣሽ ነው። እሷ እሱን ታያለች፣ እሱ እሷን ያያል። ፀሐይ እስክትጠልቅ እንዲሁ ተፋጠው ዋሉና ችግኙ እጇ ላይ ጠወለገ።

መሬቱን ባንድ በኩል መንገድ፣ በሌላው ወንዝ ነው የሚያዋስነው። መንገድና ወንዝ አይመሰክሩም። ስለዚህ ለወለተጻድቅ ሊመሰክርላት የሚችል ሰው በዓለም ላይ አንድ ቀጄላ ብቻ ነው፤ ለቀጄላም እሷ ብቻ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሰፈሩ ሽማግሌ መሸሻ ማድ ቤቷ ድረስ መጡ። ከቀጄላ ዘንድ መምጣታቸው ነው። ቀጄላ ነገ መሬቱ ያንቺ ነው ብሎ ሊመሰክር ቆርጧል፣ አንቺም አዎ ብለሽ ጎጆሽን ቀልሺ አሏት። ወለተጻድቅ የሰማችውን ማመን አቃታት። ቀጥሎ ደስ ሊላት ሲገባ ብርድ ብርድ አላት። በሙግት ዘመኗ የተማረችው አንድ ነገር ቢኖር፣ ባላጋራ ያልተለመነውን ከሰጠ ከሥሩ ጉድጓድ አለው የሚለውን ነው።

ጉድጓዱን ፈልጋ ለማግኘትም አልቸገራት። የቀጄላ ልጅ ወዬሳ ከየካቲቱ እልቂት ወዲህ የለም። አንዱ ሞቷል ይላል፣ ሌላው ዱር ገብቷል ብሎ ያንሾካሹካል። ምንሽር ጠመንጃ እንደነበረው ግን ኮልፌ በሙሉ ያውቃል። ያ ምንሽር የት ገባ? ሰው ከማይረግጠው ሣር የተሻለ መቅበሪያ አለ? ጣልያን ደግሞ መሣሪያ የተገኘበትን መሬት ባለቤት ይሰቅላል።

መሸሻ ይህን ከአፏ ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰው ሁሉ እንዳንቺ ተንኮል ሲሸርብ የሚያድር መሰለሽ ወይ ብለው ተቆጧት። እሷም ወይ ፍንክች፤ የጎረቤት ሌባ ቢያዩት ይስቅ ባያዩት ይሰርቅ ብላ ሸኘቻቸው።

ሰኞ ሹሙ መጣ። ሰዉ ከበበ። ቀጄላ ቡሉኮውን አጣፍቶ ወደ ፊት ወጣ፤ ልጁ ከጠፋ ወዲህ አጥንቱ ቀርቷል። ጉልላት የማን መሬት ነው ብሎ ጠየቀው።

«የሷ ነው» አለ ቀጄላ።

ሰዉ አጉረመረመ። ጉልላት በእናቱ ዕድሜ ወዳለችው ወደ ወለተጻድቅ ዞሮ «ያንቺ ነው?» አላት።

ከአሥር ዓመት በላይ በየችሎቱ ደጅ የጠናችው ይህችን ቃል ለመስማት ነበር። አዎ ማለት ብቻ ቀርቷታል። ምላሷ ላይ ደርሳ ነበር። ነገር ግን ቀጄላን አየችው። እሱ እሷን አያይም፤ መሬት መሬት ያያል። ይኸው፣ አለች በሆዷ፣ የቀበረበትን እያየ ነው።

«የኔ አይደለም» አለች።

«እንግዲያው የሱ ነው?»

ይህን ደግሞ ገመዱን አንገቷ ላይ ቢያጠልቁት አትለውም። እልህ ምላጭ ያስውጣል።

«የሱም አይደለም።»

ጉልላት ሲተረጉም ጣልያኑ ሳቀ። የተመሰከረላት ራሷ የኔም የሱም አይደለም ካለች ምን ቀረ? የመናፈሻው ችካል እዚያው ተተከለ።

በማግስቱ ቆፋሪዎች ገቡ። ወለተጻድቅ ማድ ቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ ምንሽሩ እስኪወጣ ትጠብቃለች። አሁን ይወጣል፣ አሁን ይወጣል። ሲወጣ ለመሸሻ የምትለውን፣ ለቀጄላ የምትለውን ሁሉ አሰናድታለች። ሣሩ ታጨደ፣ አፈሩ ተገለበጠ። ድንጋይ ወጣ፣ የሣር ሥር ወጣ፣ ትል ወጣ። ቆፋሪዎቹ መሬቱን ጨርሰው የመጨረሻዋን ጥግ ለመምታት ቀጄላ አጥር ሥር ደረሱ። ምንም የለም። ወለተጻድቅ ክው አለች።  ምን አደረግሁ፣ ምን አደረግሁ እያለች ተነሥታ በተገለበጠው አፈር ላይ ሮጠች።

«በሕግ አምላክ!»

ቆፋሪዎቹ የአገር ልጆች ናቸው፤ የቆየ ልማድ ይዟቸው መቆፈሪያቸውን እንዳነሡ ቆሙ። ጉልላት ግን የማን ሕግ ነው የምትጠሪው ብሎ መጣባት።

«መሬቱ የኔ ነው። ምስክር አለኝ» አለች፤ በአጥሩ ላይ አሻግሮ ወደሚያየው ወደ ቀጄላ ዞራ። «ቀጄላ፣ ንገራቸው።»

«ሰኞ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ምን አስበህ ነው የሷ ነው ያልከው? እኮ ንገረኛ!»

 ቀጄላ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ተናገረ።

«እኔ አንቺን እስክሞት እጠላሻለሁ፣ ወለተጻድቅ። ግን ስትረግሚኝ ይገባኛል፣ ስረግምሽ ይገባሻል። ልጄን ከበሉት ጋር አጥር ከምጋራ ካንቺ ጋር ስጣላ ብሞት ይሻለኛል ብዬ ነው። አንቺ ግን ከኔ እነሱን መረጥሽ።»

ይህን ብሎ ወደ ቤቱ ገባ።

ወለተጻድቅ አጥሩን ይዛ እሱ የገባበትን በር ስታይ ቀረች።  ጉልላት በእጁ ምልክት ሰጠ፤ የተነሣው መቆፈሪያ ሁሉ ወረደ። አንድ ዘበኛ መጥቶ የመንግሥት መናፈሻ ነው ውረጂ ብሎ ከአፈሩ ላይ ገፋት። ወረደች።