ሠላሳ አንድ «ገባችሁ?»

በዚህ ዕድሜዬ ሥልጠና ግባ ተባልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሂሳብ አስተምሬ፣ የማስተማር ምስክር ወረቀት ከሌለህ በሚቀጥለው ሴሚስተር ክፍል አትገባም አሉኝ። ጉድ እኮ ነው! ሌላ ምን እንጀራ አለኝ? ገባሁ።

የመጨረሻው ፈተና ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ አንዱ የሌላውን ክፍል አይቶ አስተያየት መጻፍ ነው። ለእኔ የደረሰችኝ የመጨረሻ ልጄን የምታክል የሕግ መምህርት ናት። እኔም ላንቺ፣ አንቺም ለኔ ሙሉ አምስት ብንሰጣጥ ምን ያጨቃጭቀናል አልኳት። ፈገግ አለች። እኔ ሞኙ እሺ ያለች መሰለኝ።

የእሷን የአስተያየት ቅጽ ቁርሴን እየበላሁ ቀድሜ ሞላሁት። በፕሮጀክተር አጠቃቀሟ እጅግ መደሰቴን ሳይቀር ጻፍኩ። ክፍሏ ስደርስ መብራት የለም። እሷ ጠመኔ አንስታ ስታስተምር እኔ ከኋላ ተደላድዬ አሸለብኩ። ቅጹን ማስተካከል ትዝም አላለኝ።

በማግስቱ እሷም የኔን ክፍል አይታ ስትጨርስ፣ አሠልጣኙ ሁለቱን ቅጾች ጎን ለጎን ዘረጋቸው። ያልበራውን ፕሮጀክተር እንዴት እንዳየሁት በትሕትና ጠየቀኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የእሷ ቅጽ ላይ ደግሞ ሙገሳ የሚባል የለም። በአንድ ክፍለ ጊዜ ሠላሳ አንድ ጊዜ «ገባችሁ?» ማለቴን፣ አንዴም መልስ አለመጠበቄን፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለች ተማሪ አራት ጊዜ እጇን ስታወጣ ፊቴ ሰሌዳው ላይ እንደነበር ቆጥራ ጽፋለች። ደሜ ፈላ። ኮሪደር ላይ ጠብቄ፣ ጉድ ሠራሽኝ አልኳት።

«ጋሼ፣ ሙሉ አምስት ብሰጥዎት ምኑን ያስተካክሉታል?» አለችኝ።

አሠልጣኙ አንድ ዕድል ሰጠኝ። ራሱ መጥቶ ያየኛል፤ ካልሆነልኝ በቃ፣ ከክፍል እወጣለሁ። በቀጠሮው ቀን «ገባችሁ?» አልኩና ጠመኔዬን አስቀምጬ ዝም አልኩ። እንዲህ ያለ ረጅም ዝምታ ከሚስቴ ጋር ስንኳረፍ እንኳ አላየሁም። በመጨረሻ የሦስተኛው ረድፍ ልጅ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ አልገባንም።»

ዘጠነኛው ሳምንት ላይ ነበርን። አፈርኩ፤ አሠልጣኙን አይደለም፣ ልጅቷን። ሰሌዳውን ሙልጭ አድርጌ አጠፋሁና ወደ ሁለተኛው ሳምንት ተመለስኩ።

ምስክር ወረቀቱን በወሩ ሰጡኝ። ያቺ የሕግ መምህርት ግን ኮሪደር ላይ ባገኘችኝ ቁጥር «ጋሼ፣ ገባዎት?» ትለኛለች። ከዚያ ቆማ መልሴን ትጠብቃለች።