የዙቤይዳ ፍሊፐር

ቶፊቅ አብዱልጀባር ከዐስር ሶላት በኋላ እንደ ልማዱ የአባቱን በር ገፍቶ ሲገባ፣ ከደርግ ዘመን ጀምሮ በሸራ ተጠቅልሎ ዕቃ ቤት የኖረው ፍሊፐር ሳሎኑ መሃል በአራት እግሩ ቆሞ አገኘው። መስተዋቱ ወልቋል። የመጫወቻው ሰሌዳ እንደ መኪና ኮፈን ወደ ላይ ተነሥቶ በእንጨት ተደግፏል። እህቱ ዙቤይዳ እስከ ትከሻዋ የማሽኑ ሆድ ውስጥ ገብታለች፤ አባቱ አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የእጅ ባትሪ ያበሩላታል።

"አሰላሙ ዐለይኩም።"

"ወዐለይኩም ሰላም። ኮቱ፣ ና እስቲ እይ!" አሉ አባቱ፣ ዓይናቸውን ከማሽኑ ሳይነቅሉ።

ቶፊቅ ቀረብ ብሎ ጎንበስ አለ። ቢሆንም ምን እንዳየ ቢጠየቅ መናገር አይችልም ነበር።

ፍሊፐሩ በንጉሡ ጊዜ በአሰብ ወደብ ገብቶ፣ የከባድ መኪና ሹፌሮች በሚያርፉበት አንድ የኮምቦልቻ ቡና ቤት የቆመ መጫወቻ ነው። ሞላውን ስበው ሲለቁት የብረት ብይ ሽቅብ ትወረወራለች፤ ቁልቁል ስትንከባለል መምቻዎቹን እየነካች ደወል ታስጮኻለች። ተጫዋቹ ደግሞ በግራና በቀኝ ያሉትን ቁልፎች እየተጫነ፣ ከታች ባሉት ሁለት አጫጭር ክንፎች መትቶ ይመልሳታል። ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለውም። ሽቦ፣ የመዳብ ጥቅል፣ የሚገጥምና የሚለያይ ኮንታክት፣ ነጥብ የሚቆጥር ተሽከርካሪ ቁጥር፣ በቃ። ሲበላሽ ከከሚሴ የሚጠሩት አብዱልጀባር ነበሩ፣ ያኔ ገና ወጣት ሬዲዮ ጠጋኝ። አብዮቱ መጥቶ ባለ ቡና ቤቱ አገር ሲለቅ "ከአንተ በቀር የዚህን ማሽን ጠባይ የሚያውቅ የለም" ብሎ ሰጣቸው።

ቶፊቅ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ላይ፣ እስቲ እኔ ልክፈተው ብሎ ለምኗቸው ነበር። "እጅህ ችኩል ነው" አሉት። አንድ ቃል አልጨመሩም። ዛሬ ቶፊቅ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከአባቱ የተረከበው፣ የተቃጠለ የፓምፕ ሞተር ሽቦ የሚጠቅልበት ሱቁ መናኸሪያው አጠገብ ነው፤ ከጨፋ ሮቢትም ከሰንበቴም ገበሬው ሞተሩን በባጃጅ ጭኖ ወደ እሱ ይመጣል። ፍሊፐሩን ግን ዳግም አልጠየቀም። አንድ ቀን ራሳቸው "ና ክፈተው" እስኪሉት ሲጠብቅ ሠላሳ ሦስት ዓመት አለፈ።

"ማን ክፈቺው አላት?" አለ፣ ድምፁ እንዳይሻክር እየተጠነቀቀ።

"እኔ ነኛ። እኔ ሳልሞት አንድ ሰው ይወቀው አልኩ። እጇ ታጋሽ ነው።"

ዙቤይዳ ከማሽኑ ሆድ ብቅ አለች። አፍንጫዋ ላይ የአቧራ ጥላሸት አለ። "ኖር ቶፊቄ። የጉንዳን ጎጆ ነው ያገኘሁበት ወላሂ!" ብላ ሳቀች።

በዐሥራ ሰባት ዓመቷ ባቲ ተድራ የሄደች እህቱ ናት። ባሏ ሬዲዮና ቴፕ ይሠራ ነበር፤ እሷም ከጀርባ ሆና አብራው ስትሠራ ኖረች። እሱ ሲሞት፣ አባቷን ላስታምም ብላ ወደ ከሚሴ ከተመለሰች አራት ዓመቷ ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ የአባቱ ቤት ወሬ ሁሉ ፍሊፐሩ ሆነ። ድሮ አባቱ "ዛሬ ምን ገጠመህ?" ብለው የቀኑን ብልሽት አንድ በአንድ ያስተርኩት ነበር። አሁን የሚጠይቀው ጠፋ። ዙቤይዳ ኮንታክቶቹን አንድ በአንድ በቀጭን ሞረድ ታጸዳለች፤ አባቱ የልጅ ልጆቻቸውን ስም እያምታቱ፣ የሽቦዎቹን ቀለም ግን ሳያዩ ይነግሯታል። "ቢጫ ከነጭ መስመር ጋር። እሱ ወደ ደወሉ ነው የሚሄድ።" ትከተለዋለች፤ በእርግጥም ወደ ደወሉ ይሄዳል። "ማሻአላህ አባ!" ትላለች፤ ሽማግሌው እንደ ተመሰገነ ተማሪ ደረታቸውን ነፋ ያደርጋሉ።

አንድ ቀን ቶፊቅ መቻል አቅቶት፣ "ይሄን ሁሉ ሽቦ አውጥታችሁ ለምን አንድ የኮምፒውተር ቦርድ አታስገቡበትም? እኔ በሳምንት እጨርሰዋለሁ" አለ።

አባቱ ሳቁ። በክፋት አልነበረም፤ እንዲያው ሳቅ አመለጣቸው። "ልቡን አውጥቶ ባትሪ እንደ መክተት ነው እኮ ልጄ" አሉ። ዙቤይዳም ከማሽኑ ውስጥ ሳቀች። ቶፊቅ አብሮ ሳቀና፣ ቤቱ እስኪገባ ጥርሱን እንደ ነከሰ ሄደ።

ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ሞተር ሊያስጠቅል የመጣ ሁሉ፣ "እህትህ የፈረንጅ ማሽን አስነሣች አሉ፤ ለካ ሙያው ከእሷ ዘንድ ኖሯል" ይለዋል። ቶፊቅ "አዎ፣ አልሐምዱሊላህ" ይልና ሽቦውን አጥብቆ ይስባል። በዚያ ሳምንት ሦስት ሽቦ በጠሰ።

ሐሙስ ዕለት የፍሊፐሩ ደወል ከአምሳ ዓመት በኋላ ጮኸ። ቶፊቅ በር ላይ ነበር። አባቱ የዙቤይዳን ሁለት እጆች ይዘው፣ "ገለቶሚ፣ ተባረኪ ልጄ፤ እጄ ሞቷል ብዬ ነበር፤ ለካ አንቺ ጋ አለ" አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ቶፊቅ ሳይገባ ተመለሰ። የእሱና የዙቤይዳ እናት ስትቀበር እንኳ ያ ዓይን አላለቀሰም ነበር።

በማግሥቱ ጁምዓ ነው። አባቱ መስጊድ ሄደዋል፤ ዙቤይዳ ከጎረቤቷ ከፋሪዳ ጋር ገበያ ወጥታለች። ቶፊቅ ቁልፍ አለው። ገብቶ ሰሌዳውን አነሣና በእንጨቱ ደገፈው። ምን እንደሚፈልግ ያውቃል፤ አባቱ ለዙቤይዳ ሲያስረዱ ቆሞ ሰምቷል። የእያንዳንዱ ክንፍ ጥቅል ባለ ሁለት ሽቦ ነው፤ ወፍራሙ ክንፉን በኃይል ያስነሣዋል፣ ቀጭኑ ተነሥቶ እንዲቆይ ይይዘዋል። ክንፉ ጫፍ ሲደርስ አንዲት የነሐስ ምላስ ከአቻዋ ተለያይታ ሥራውን ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ታሳልፋለች። ምላሷ ሳትለያይ ከቀረችና ቁልፉ ተይዞ ከቆየ፣ ወፍራሙ ሽቦ ወዲያው ይቃጠላል።

ፒንሳውን ከኪሱ አወጣ። የቀኙን ክንፍ ምላስ የፀጉር ያህል ወደ ውስጥ አጠፋት። ቀለል ያለ ሥራ ነበር። ዙቤይዳ ስትሞክረው ይቃጠልባታል ብሎ አሰበ፤ ጥቅል መጠቅለል ደግሞ የእሱ ሙያ ነው። አባቱ ቶፊቅን ጥሩት ይላሉ። እሱም ይመጣል። እሱም ያድነዋል። የጁምዓው ሶላት ትዝ ያለው ሰሌዳውን መልሶ ሲያወርድ ነው።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ቤቱ በሰው ሞላ። ፋሪዳ መጣች፤ የቶፊቅ ሚስት ሚስራ መጣች፤ ድሮ በአሰብ መስመር ከባድ መኪና ይነዱ የነበሩት ኑርሁሴን ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ። ዙቤይዳ መጀመሪያ እሷ እንድትጫወት ሲጠብቋት፣ "አይሆንም፤ ጨዋታውን የሚከፍቱት አባ ናቸው" አለች።

ቶፊቅ "እሷ ትሞክረው በፊት" ሊል አፉን ከፈተ። ሁሉም ዞረው ሲያዩት፣ "ቢስሚላህ በሉ እንጂ" አለ።

አብዱልጀባር ሞላውን ሳቡ። ብይዋ ተወረወረች፤ ደወሉ አቃጨለ፤ ቁጥሮቹ ተሽከረከሩ። ቤቱ በሆታ ተናጋ። ሽማግሌው ጎበጥ ብለው፣ እንደ ወጣት ወገባቸውን እያወዛወዙ ሦስቴ አራቴ መለሷት። ከዚያ ድሮ ጎበዝ ተጫዋች እንደሚያደርገው፣ የቀኙን ክንፍ አንሥተው ብይዋን ክንፉ ላይ አሳረፏትና ቁልፉን እንደ ተጫኑ ወደ ኑርሁሴን ዞር አሉ።

"ታስታውሳለህ? እንዲህ ይዤ ሲጋራ እለኩስ..."

ጭስ ከቀኝ በኩል ወጣ። የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ቤቱን ሞላው። ዙቤይዳ ዘላ ሶኬቱን ነቀለች።

አባቱ እጃቸውን ከቁልፉ አንሥተው መዳፋቸውን አዩት። "እኔ ነኝ" አሉ። "አበዛሁት። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት።"

"ማል ታቴ አባ፣ ምን ሆኑ? ዕቃ ነው እኮ" አለች ፋሪዳ። እሳቸው ግን ከዘራቸውን ፈልገው፣ ማንንም ሳያዩ ወደ ጓዳ ገቡ።

ዙቤይዳ ሰሌዳውን አነሣች። ባትሪ አበራች። ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ቀና ብላ ቶፊቅን አየችው፤ የሱን ፊት ብቻ። ወደ ጓዳው ዞራ ጮክ ብላ፣ "አባ፣ የእኔ ስሕተት ነው! ብየዳውን አበላሽቻለሁ። አንቱ ምንም አላደረጉም" አለች።



አራት ቀን ሙሉ አብዱልጀባር ወደ ሳሎኑ አልገቡም። ደጅ ተቀምጠው መዳፋቸውን እያሹ ይውላሉ። ቶፊቅ ሲመጣ ሰላምታውን ብቻ ይመልሳሉ። የሚገርመው፣ በዚህ ሁሉ መሃል ቶፊቅን የሚያንገበግበው ዙቤይዳ መዋሸቷ ነበር። ጥፋቱን እንኳ ቀምታው በእሱ ቦታ ደግ ሆነች። ሚስራ "ምን ነካህ? ምግብ ተውክ እኮ" ብትለው "ሥራ በዝቶብኝ" አላት።

በአምስተኛው ቀን ዙቤይዳን ብቻዋን አገኛት። የተቃጠለውን ጥቅል ፈትታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣዋለች።

"ምላሷን ያጠፍኳት እኔ ነኝ" አለ።

"አውቃለሁ። የፒንሳህ ጥርስ ታትሞባታል።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ሽማግሌ ሰው፣ ወንድ ልጁ ተንኮለኛ መሆኑን ከሚሰማ፣ ሴት ልጁ ብየዳ እንደማትችል ቢሰማ ይሻላል ብዬ።" ጥቅሉን በጣቷ አዞረችው። "ግን አባ አላመኑኝም። እጃቸው እንደ ከዳቸው ነው የሚያስቡት።"

"ዙቤይዳ፣ ቀንቼ ነው።" ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እንደ እሾህ ጫረው። "እሳቸው እኔን እንዲህ አይተውኝ አያውቁም።"

ዙቤይዳ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣች። "አንተ ቀናህ? ሱቁን ለማን ሰጡ? በሩ ላይ የተጻፈው የማን ስም ነው? እኔ ሰልዳቶሬ ይዞ መበየድ ካንተ በፊት ነው የተማርኩት። ከዚያ ባቲ ሂጂ ተባልኩ፤ ሄድኩ። ባሌ ሲሠራ ያመሰግኑታል፤ የሠራሁት እኔ ነኝ። በየዒዱ መጥቼ ሱቅህን ሳይ ሆዴ እንዴት እንደሚቃጠል ታውቃለህ? ሠላሳ ዓመት! አንድ ቀን ግን ፒንሳ ይዤ አልገባሁም።"



"ሂድና ለአባ ንገራቸው" አለችው። "ለእኔ አይደለም።"

ደጅ ወጣ። አባቱ ግድግዳው ጥላ ሥር ናቸው። ከፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጠ።

"አባ፣ ያቃጠሉት አንቱ አይደሉም። ዙቤይዳም አይደለችም። እኔ ጁምዓ ዕለት ገብቼ ኮንታክቱን አጠፍኩት። አፉ በሉኝ።"

አብዱልጀባር መዳፋቸውን ማሸት አቆሙ። ከዚያ፣ "የትኛውን?" አሉ።

"የቀኙን ክንፍ። የጫፉን።"

"ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ?"

"ወደ ውስጥ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ብልሽቱ ገብቷቸዋል። መዳፋቸውን ገልብጠው አዩና ጭናቸው ላይ አሳረፉት፤ ትከሻቸው ዝቅ አለ። ፊታቸው ግን እየጠቆረ ሄደ። "ተነሥ" አሉት። "ዛሬ ፊትህን አታሳየኝ።"

ቶፊቅ ተነሥቶ ሄደ። ሦስት ቀን እንደ ውሻ በበሩ እያለፈ አልገባም። በአራተኛው ቀን ሚስራ የተቃጠለውን ጥቅል ይዛ ከአባቱ ቤት ስትመለስ፣ "ጥቅሉን ጠቅልሎ ያምጣ ብለዋል" አለችው። "ሌላ ምንም አላሉም።"

ጠቀለለ። በሃያ ደቂቃ ጨርሶ በሩጫ ወሰደው። ዙቤይዳ ቴስተሯን አስነካችበትና መለሰችለት። "ቀጭኑ ሽቦ ወፍሯል። ይሄ ሲያዝ ይግላል።"

"ለፓምፕ እኮ..."

"ፓምፕ አይደለም።"

አባቱ በርጩማቸው ላይ ሆነው ይሰማሉ። ቶፊቅ ጥቅሉን ወርውሮ መውጣት አማረው። ይዞት ሄደ። ሱቁን ዘግቶ፣ ከአሮጌ ትራንስፎርመር ቀጭን ሽቦ ፈትቶ፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አንድ ዙር ከሌላው ሳይደራረብ ጠቀለለ። ሁለተኛውን ዙቤይዳ ለክታ ገጠመችው። አባቱ ብይዋን ወረወሩ፤ በቀኙ ክንፍ አሳረፏት፤ ያዟት፤ ያዟት። ጭስ አልወጣም።

"ይሁን" አሉ። ለማን እንዳሉት አልታወቀም። ቶፊቅ ግን ለእኔ ነው ወይስ ለእሷ እያለ በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ ሲያሰላስል ዋለ።

ወሩ ሳያልቅ አንድ የጨፋ ገበሬ በየሰዓቱ የሚቆም ፓምፕ አመጣ። ቶፊቅ ሁለት ቀን ፈትሾ ብልሽቱን አጣው። በሦስተኛው ቀን መቆጣጠሪያ ሳጥኑን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ አባቱ ቤት ወሰደው። "እስቲ እይልኝ" አላት እህቱን። አንገቱ እንደ ብረት ከብዶት ነበር።

ዙቤይዳ ክዳኑን ከፈተች፤ አሸተተችው፤ አንዱን ኮንታክት በጥፍሯ ነካ አደረገች። "ይቺ ናት" አለች፣ እሱ ነገሩን ተርኮ ሳይጨርስ።

ቅናቱ ዳግም ተነሣበት። ወደ ደጅ ወጣና ከበርሜሉ ውሃ ቀድቶ ፊቱን ታጠበ። ትንሽ ቆመ። ከዚያ ተመልሶ ገባና አጠገቧ ተቀመጠ።

"እንዴት እንዳወቅሽው አሳዪኝ" አለ።