ቀይ ጭራና ሰማያዊ ጭራ

አዴ አስካለች ከኦቦ ተሬፋ ጋር የተኳረፉት በአውሮፕላን ምክንያት ነው። ልጃቸው ቢሊሴ የኦቦ ተሬፋን ልጅ ጋዲሳን አግብታ ሜልበርን ትኖራለች፤ እዚያው በ2004 ዓ.ም. ሴት ልጅ ወለደች። ወጣቶቹም «ስሟን እናንተው መጥታችሁ ታወጣላችሁ፤ ትኬቱን እኛ እንቆርጣለን» አሉ። ጠቡ ከዚህ በኋላ መጣ።

አዴ አስካለች አምቦ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሲያዋልዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ኦቦ ተሬፋ ደግሞ ግንጪ ላይ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ዓለምን በካርታ አብጠርጥረው የሚያውቁ፣ ግን አንድም ቀን አውሮፕላን ላይ ወጥተው የማያውቁ፣ በር ሁሉ የሚያጎነብሳቸው ረጅም ሰው ናቸው። ትኬት ሲባል ኢንተርኔት ቤት ገብተው አየር መንገዶችን የሚያወዳድር አሥራ አራት ገጽ ወረቀት አሳትመው ከተፍ አሉ።

«አውሮፕላኑ ቀይ ጭራ ያለው ይሻላል» አሉ። «ወንበሩ በሁለት ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። ምግቡ ሦስት ዓይነት ነው።»

«እኔ በሰማያዊ ጭራው ኖርዌይ ለስልጠና ሄጄ መጥቻለሁ» አሉ አዴ አስካለች። «አስተናጋጆቹ ሰውን እንደ ልጅ ነው የሚንከባከቡት። የእርስዎ ወረቀት ትራስ ያቀርባል?»

«እንግዲያው እያንዳንዳችን በመረጥነው እንሂድ! ተመችቶት የደረሰ ስሙን ያውጣ።»

«ይሁን!»

አዴ አስካለች «ለንሳ» የሚል ስም ይዘዋል፤ ኦቦ ተሬፋ «አያንቱ» የሚል። ልጆቹ ቢለምኑም ሁለቱም እምቢ አሉ። ሁለት አየር መንገድ፣ ሁለት ትኬት፣ አንድ ቀን ሆነ። ሁለቱም አውሮፕላን የሚቀይሩት ባንኮክ ላይ ነበር።

አዴ አስካለች ቀድመው ባንኮክ ደረሱ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ሰማያዊ ጭራው እንደ ኖርዌዩ አልሆነላቸውም። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው ሰው ወንበሩን ወደ ኋላ አጋድሞ ምግባቸውን አገጫቸው ሥር አድርሶት ነበር። ይህን ግን ለማንም ሊናገሩ አላሰቡም። ፀጉራቸውን አስተካክለው፣ ሲተኛ የመጣ ሰው መስለው ላውንጅ ከሚሉት፣ ውድ ትኬት የቆረጡ መንገደኞች ከሚያርፉበት ክፍል በር አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወደ ውስጥ ለመግባት ሞክረው ነበር፤ በረኛዋ ትኬታቸውን አይታ «ኢኮኖሚ» ብላ በፈገግታ መልሳቸዋለች።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ኦቦ ተሬፋ አንድ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው እያነከሱ ብቅ አሉ።

«እንዴት ነበር ቀይ ጭራው?» አሉ አዴ አስካለች።

«ግሩም ነው።»

«ጫማዎ ምን ሆነ?»

«አየር ይንካው ብዬ ነው።»

አዴ አስካለች እግራቸውን ሲያዩ ኩርፊያቸውን ረሱ። እግሩ እንደ ሊጥ አብጧል።

«ከጉልበት በታች ያምዎታል? ትንፋሽ ያጥርዎታል?»

«ኧረ ምንም አያመኝም፤ ጉልበቴን አገጬ ላይ አድርጌ ስመጣ ነው ያበጠው!»

አግዳሚው ላይ አስተኟቸው፤ እግራቸውን ሻንጣ ላይ ሰቅለው ቁርጭምጭሚታቸውን ያንቀሳቅሱላቸው ጀመር። በረኛዋ ቆማ ስታይ ቆየች። መጨረሻ ላይ መጥታ ኦቦ ተሬፋ አባቷን እንዳስታወሷት በእጇም በእንግሊዝኛም አስረድታ በሩን ከፈተችላቸው።

ላውንጁ ሌላ ዓለም ነው። ሾርባው ያጨሳል፣ ፍራፍሬው ተከምሯል፣ ምንጣፉ እግር ይውጣል። ኦቦ ተሬፋ አንድ ሰፊ ጥቁር ወንበር ላይ ተደላድለው፣ ክንዱ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጫኑ።

«ያ ዋቃ!» ብለው ፈጣሪያቸውን እየጠሩ ጮኹ። «አዴ አስካለች፣ ከጀርባዬ ሰው አለ!»

ሰው አልነበረም፤ ወንበሩ ነበር የሚያሻቸው። አዴ አስካለች ሳቃቸው መጣ፤ ሾርባው በአፍንጫቸው ሊወጣ ደረሰ። ቀጥሎ እሳቸው ተቀመጡ። ወንበሩ ትከሻቸውን ሲጨብጣቸው እንደ ልጃገረድ ጮኹ፤ ጋዜጣ የሚያነቡ ሰዎች ዞረው አዩ። በየተራ ተቀመጡ፤ ተነሡ፤ ደግመው ተቀመጡ። ሳቁ ካለፈ በኋላ ኦቦ ተሬፋ ቀዩ ጭራ እንደ ማዳበሪያ ከረጢት አጣጥፎ እንዳመጣቸው፣ አዴ አስካለችም አገጫቸው ሥር ስለደረሰው ምግብ ተናዘዙ።

ድምፅ ማጉያው ይጣራ ነበር። «ሚስተር ታሊፓ... ሚስተር ታሊፓ...»

«አይ ምስኪን» አሉ ኦቦ ተሬፋ፣ አናናስ እየቆረጡ። «አውሮፕላኑ ሊያመልጠው ነው።»

«ሚሲስ አስኬላ...»

«ሌላዋም ቀርታለች። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?» አሉ አዴ አስካለች።

በረኛዋ እየሮጠች መጥታ ትኬታቸው ላይ ያለውን ስም እያሳየች የተጠሩት እነሱ መሆናቸውን ስትነግራቸው ሁለቱም አውሮፕላኖች ሄደዋል።

ብዙ ልመና ሆነ። በመጨረሻ ሁለቱንም ጭራው አረንጓዴ በሆነ፣ በአሥራ አራቱ ገጽ ላይ በሌለ ሦስተኛ አየር መንገድ፣ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። ቦታው መውጫ በር አጠገብ ስለነበር የኦቦ ተሬፋ እግር እስከ ጫፉ ተዘረጋ።

«ስሙን እርስዎ ያውጡ» አሉ፣ እግራቸውን እያዩ። «ያዳኑኝ እርስዎ ነዎት።»

«በፍጹም! የምስኪን እግር አሽቼ ስም አልቀማም። እርስዎ ያውጡ።»

«አይሆንም ብያለሁ!»

«እኔም ብያለሁ!»

በዚሁ እንደገና ተኳርፈው ሜልበርን ደረሱ። ቢሊሴና ጋዲሳ ስምንት ሰዓት ሙሉ ሲጠብቁ ውለው ዓይናቸው ቀልቷል። ቢሊሴ ሕፃኗን አቀረበችላቸው። አዴ አስካለች ጎንበስ ብለው «አያንቱ» ሲሉ፣ ኦቦ ተሬፋ እኩል «ለንሳ» አሉ።

ጋዲሳ ሳቀ። «እዚህ አገር መካከለኛ ስም የሚባል ነገር አለ፤ ሁለቱንም ትይዛለች» አለ።

ወዲያው እዚያው ቆመው የትኛው ስም ይቅደም የሚለው ክርክር ተጀመረ፤ ሕፃኗ ግን አንዱንም ሳትሰማ እንቅልፏን ቀጠለች።