የሲግነስ ኤ ቅዳሜዎች

ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ ነበር፤ ሰማዩን ደመና አልነካውም፣ የኅዳር ፀሐይም የአሶሳን ቆርቆሮ ጣሪያዎች ገና አልለቀቀቻቸውም።

የኮሌጁ የፊዚክስ መምህር ጎሹ አምስተኛው የመሰላል እርከን ላይ ቆሟል። አይወጣም፣ አይወርድም። ከሥር የኬሚስትሪ መምህሩ ምስጋና መሰላሉን ይዞለታል። ጎሹን ከወንበር የሚበልጥ ከፍታ ያዞረዋል። ሰባት መቶ ሚሊዮን የብርሃን ዓመት የራቀች ጋላክሲ ስምንት ሳምንት ሙሉ ሲለካ፣ የሚለካበትን ሳህን አንድ ቀን እንኳ ወጥቶ ያላየው በዚሁ ምክንያት ነው። ሳህኑን ከቤተ ሙከራው ጣሪያ ላይ የተከለለት ቴክኒሻኑ ኦሊያድ ነበር፤ ተክሎ፣ ገመዱን በመስኮት አስገብቶለት፣ ወደ ማንቡክ ተዛወረ።

ሦስት ሜትር ስፋት ያለው አሮጌ የቴሌቪዥን ሳህን ነው። ወደ ሰሜን አዘንብሎ፣ ሲግነስ ኤ የተባለችው ጋላክሲ በየቀኑ በፊቱ ስታልፍ የምትረጨውን የሬዲዮ ሞገድ ይቀበላል። ሲግነስ ኤ በልቧ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ የያዘች፣ ሌሎች ለአሥርታት ሲለኳት ሞገዷ ያልተነቃነቀ ጨዋ ጋላክሲ ነበረች። ለጎሹ ግን ተነቃነቀች። በየቅዳሜው ኃይሏ በሲሶ ይወርዳል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ አገግማ ረቡዕ ላይ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። በሁለት ዓይነት ሞገድ ለካት፤ በአጭሩ ሞገድ ሲሆን ቅናሹ ይበልጣል። ይህም ለእሱ ተጨማሪ ማስረጃ ሆነለት።

የሞገዱ ምንጭ ከዳር እስከ ዳር በመቶ ሺዎች የብርሃን ዓመት ስለሚለካ በአንድ ሳምንት ሊለዋወጥ እንደማይችል ያውቃል፤ እንዲያውም ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ያስተምረዋል። ቅዳሜ የአሶሳ ገበያ ቀን መሆኑንም ያውቃል። ሁለቱን ዕውቀቶች ግን አገናኝቷቸው አያውቅም።

ግራፉን ውጭ አገር ላሉ አንዲት ፕሮፌሰር ላከ። «ነገሩ ከጸና ለዶክትሬት አንድ ቦታ አለኝ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቅሃለሁ» ብለው ጻፉለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ሙሉ ደብተር «ዶ/ር ጎሹ» በሚል ፊርማ ሞላ። የባጃጅ ሾፌር «ዶክተር» ብሎ ሲጠራው አላረመውም፤ መልሱንም ተወለት። ትናንት ፕሮፌሰሯ የሳህኑን ፎቶ ጠየቁ። ዛሬ መሰላል ላይ ነው።

ዓይኑን ጨፍኖ ሁለት እርከን ወጣ። ሲገልጥ የሳህኑ የታችኛው ከንፈር አረንጓዴ ነው። ተከትፎ የተሰጣ ባሚያ፤ እርጥብ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በጥንቃቄ የተደረደረ።

«ኡስታዝ! እንዳትነካት!» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ ሪም ከግቢው ማዶ እየሮጠች።

«እትዬ ሪም፣ የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው። ገበያ ላይ ያልተሸጠችውን እዚህ አሰጣለሁ። ፍየል አይደርስ፣ ዶሮ አይደርስ፣ አንተም አትወጣም።»

«በየቅዳሜው?»

«በየቅዳሜው።»

ጎሹ መሰላሉን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። «መቼ ይደርቃል?»

«ረቡዕ። ወላሂ ረቡዕ! በኔ ቤት ጣሪያ ሳምንት ይፈጃል። ሳህንህ በረካ አለው፣ ፀሐይ ይሰበስባል።»

ውሃ የሬዲዮ ሞገድን ይውጣል፤ አጭሩን ሞገድ ደግሞ አብዝቶ ይውጣል። ጎሹ ስምንት ሳምንት ሙሉ የባሚያ አደራረቅ ሲያጠና ኖሯል። ያውም በሁለት ሞገድ። ያውም ከዚህ በፊት ማንም ባልደረሰበት ትክክለኛነት።

«ስማ» አለ ምስጋና ከሥር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ባሚያዋን ታንሳ፣ አንተ ፎቶህን አንሳ፣ ዝም ብለህ ሂድ። እዚያ ከደረስክ በኋላ ጋላክሲዋ ተረጋጋች ትላለህ። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«አንተ እኮ እስካሁን ምንም አታውቅም ነበር!»

ሪም ሳቀች። ጎሹም ሊስቅ ሲል መሰላሉ ስለተነቃነቀ ተወው።

ፎቶውን ከነባሚያው አነሳ። መሰላሉን በአንድ እጁ እንደያዘ ሦስት ጊዜ ደገመው። «ባሚያዋን ላንሳልህ?» ብላ ሪም ብትጠይቀው፣ «የጀመርኩትን ልጨርስ፤ እስከ ረቡዕ ይቆይ» አለ። በየማለዳው እሷ ጥቂት ባሚያ ታወርድለታለች፣ እሱ በቤተ ሙከራው ሚዛን ይመዝናል። የባሚያው ክብደት ሲቀንስ የጋላክሲዋ ኃይል ጨመረ። ሁለቱ ግራፎች እንደ መንታ ተመሳሰሉ። በሕይወቱ የሠራው ምርጥ ሥራ ይህ ነበር።

ረቡዕ ማታ ደብዳቤውን ጻፈ። «የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ ቀደም ሲል የላክሁት ግራፍ የሲግነስ ኤ ሳይሆን የወይዘሮ ሪም ባሚያ መሆኑን እገልጻለሁ።» ሐቀኝነቱ ጎልቶ እንዲታይ ሦስት ጊዜ አስተካከለው። ጎልቶ መታየቱ እንዳይታወቅበትም አራተኛ ጊዜ አስተካከለው። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ይገፋል ብሎ አሰበ፤ ላከው፤ ተኛ።

መልሱ ኅዳር ሃያ ስምንት ቀን ደረሰ። ቦታው ለሌላ አመልካች ተሰጥቷል።