የጋሽ በዳሳ በር

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ከገቡ ጀምሮ የጋሽ በዳሳ የበረንዳ በር ተከፍቶ አያውቅም። ሁለት በያጆች ሞክረውት ተሸንፈው ሄደዋል፤ የቤት ኅብረቱም ሦስት ቀን ጾሞለታል። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ምድር ስትንቀጠቀጥ ግን ማንም ሳይነካው ወለል ብሎ ተከፈተ።

እሑድ ከሰዓት ኅብረቱ እቤታቸው ሲሰበሰብ ጋሽ በዳሳ ለምስክርነት ተነሡ።

«ጌታ ለእኔ ለደካማው ብሎ ምድርን አናወጠ!»

«አሜን!» አለ ቤቱ በሙሉ።

እዝራ ብቻ «አሜን» አላለም። ስኮትላንድ ስምንት ዓመት ሥነ መለኮት ተምሮ የተመለሰው ባለፈው ክረምት ነው፤ ከመጣ ወዲህ ቃሏ ከአፉ አልወጣ እያለች አስቸግራዋለች። አጠገቡ ሶሬቲ ተቀምጣለች። በዚያው ማክሰኞ አዋሽ በኩል የእናቷ ቤት ፈርሶ፣ እናትየው ሸራ ሥር ናቸው።

«ጋሼ፣» አለች ሶሬቲ፣ «የእርስዎ በር እንዲከፈት የእማዬ ቤት መፍረስ ነበረበት?»

የኅብረቱ መሪ ናኦሚ ወደ እዝራ ዞረች።

«አንተ የተማርከው ለዚህ አይደል እንዴ? መልስላት እንጂ!»

ስለ መከራ ሦስት መቶ ገጽ ጽፎ ነበር። አንዱም መስመር ትዝ አላለውም።

«አላውቅም» አለ።

«እንግዲያው ደህና ሁኑ። ሁለተኛ እዚህ አልመጣም።» ሶሬቲ ቦርሳዋን አነሣች።

ጋሽ በዳሳ ደነገጡ። «ቆይ ልጄ! እንዲህ ከሆነማ ስጦታው ይመለስ!»

ሮጠው በሩን ገፉት። ኅብረቱም ተነሥቶ ትከሻውን ሰጠ። «በኢየሱስ ስም፣ ተዘጋ!» እዝራም ላብ እስኪያጠምቀው ገፋ። በሩ ወይ ፍንክች!

«በሉ ይነቀል» አሉ ጋሽ በዳሳ እያለከለኩ። ከማጠፊያው አውልቀው ወደ ሶሬቲ አዞሩት። «ለእናትሽ ውሰጂላቸው።»

«ጋሼ፣ ግድግዳ እኮ የለም። ምን ላይ ሊገጠም ነው?»

«መጀመሪያ በሩ ይድረስ። ግድግዳውን እኛ ይዘን እንከተላለን።»

ሶሬቲ ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቋ አመለጣት። «እሑድ መጥቼ ግድግዳዬን እጠይቃለሁ፤ ረሳን እንዳትሉኝ!»

በሩን ተሸክመው ወረዱ፤ ሶሬቲ ከፊት፣ እዝራና ጋሽ በዳሳ ከኋላ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው ከሥራቸው ተንቀጠቀጠ። ሁሉም ባሉበት ደርቀው ቀሩ።

«ይኼኛውስ ለማን ነው?» አለች ሶሬቲ።

ጋሽ በዳሳ የበሩን ጫፍ በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«እዝራ፣» አሉ፣ «ጠበቅ አድርገህ ያዝ። እንዳይወድቅባት።»