ወንዝ የዘለለችው ትሬንታ ኳትሮ

ካዛንቺስ ውስጥ ውሸት በኪሎ ቢሸጥ ኖሮ አቶ አረጋዊ ፎቅ በሠሩ ነበር። ማታ ማታ ከጦይብ ሱቅ ደጃፍ የለስላሳ ሳጥን ደፍተው ይቀመጡና፣ ጡረታ የወጡ ሾፌር መሆናቸውን ረስተው እንደገና መሪ ይጨብጣሉ።

«ጋሽ አረጋዊ፣ እስቲ ያቺን የወንዟን» ይላል ጦይብ ስኳር እየመዘነ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይያዛቸው። ትሬንታ ኳትሮዋ፣ ያቺ የጣሊያን የጭነት መኪና፣ ጤፍ ጭና የግራካሶን ቁልቁለት ስትጨርስ ፍሬኗ እምቢ ይላል፤ ከታች ያለውን ድልድይ ደግሞ ጎርፍ ወስዶታል።

«በስልሳ ስፒድ ለቀቅኳት። ወንዙ ሃምሳ ሜትር ይሆናል። ረዳቴ ኃይለገብርኤል፣ ያ የልብ ጓደኛዬ፣ ጭነቱ ላይ ቁጭ ብሎ አየር ላይ ቆሎ ይቆረጥማል። ማዶ ስናርፍ አንዲት ፍሬ ጤፍ ፈስሳ ከሆነ ከምላሴ ጸጉር ይነቀል።»

ሰፈሩ ይስቃል። ያመነ የለም፤ ሳይጨርሱ የሄደም የለም።

ልጃቸው አሉላ ያን ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፊዚክስ ይማራል። መካኒክስ የሚሉት ትምህርት እንደ ፍቅር ይዞታል፤ ኳስ ሲጠለዝ፣ ታክሲ ፍሬን ሲይዝ፣ ሁሉም ነገር ጥያቄ ሆኖ ይታየዋል። አንድ ማታ ከጦይብ የስኳር መጠቅለያ ወረቀት ቀደደና እስክሪብቶ አወጣ።

«አቦይ፣ ስልሳ ነው ያሉት? ሃምሳ ሜትር?»

«ስልሳ። ሜትሩ እንኳ ቢበልጥ ነው።»

«አየሩ አያግዳትም እንበል፣ በቃ።» ጻፈ፣ አባዛ፣ አካፈለ። «እንዴትም ሆና ብትነሳ ሠላሳ ሜትር አትሞላም። ማለቴ፣ ወንዙ መሃል ነው የምትወድቁት።»

ሰው ከተቀመጠበት እስኪንሸራተት ሳቀ። «ጋሼ፣ ዋናም ይችሉ ነበር እንዴ?» አለ አንዱ። የዚያን ማታ የተሳቀው በእሳቸው ነበር። አብረው ሳቁና ባርኔጣቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ቤት ገቡ።

በማግስቱ ጦይብ ሲጠይቃቸው «ልጄ ተምሯል፣ እሱን ጠይቁት» አሉ። ቆይቶ ጭራሽ ወደ ሱቁ መውጣት ተዉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይውላሉ፤ ምግቡም እንደ ነገሩ ሆነ። አሉላ ያቺን መኪና መልሶ ካላሻገራት አባቱ እንደማይነሱ ገባው። የክፍል ጥያቄውን ትቶ የአባቱን ወንዝ ይሠራ ጀመር።

መሻገሪያዋን አገኘላት። እየሮጠ መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አቦይ፣ ተሳስቼ ነበር። ስፒዱ ሰማንያ ከሆነና አፋፉ ላይ ሽቅብ የምትወረውር ጉብታ ካለች፣ ልክ ማዶ ታርፋለች። ጉብታ ነበረች አይደል?»

ዝሆን በመርፌ ቀዳዳ ያሾለኩ ሰው፣ አንዲት ጉብታ ምን ታቅታቸዋለች?

«ጉብታ አልነበረም» አሉ።

«ትንሽ ብትሆንም...»

«አልነበረም። ስፒዱም ስልሳ ነው። ሒሳብህ ልክ ነው፣ ልጄ። ወንዙ መሃል ነው የወደቅነው።» ድምፃቸው ከግድግዳው ጋር የሚያወራ ይመስላል። «እኔን ውኃው ተፋኝ። ኃይለገብርኤልን ጤፉ ተጫነው፤ አልወጣም። በየማታው አሻግረው ነበር እኮ። ያቺን ቆሎውን ይዞ... በቃ፣ ተወው።»

በማግስቱ አሉላ እጃቸውን ይዞ አወጣቸውና ሳጥናቸው ላይ አስቀመጣቸው። ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ጀመረ።

«ወንዙ መቶ ሜትር ነበር።»

ሰው ተሰበሰበ። አሉላ መኪናዋን ቁልቁለቱን አወረዳት፣ ፍሬኗን በጠሰ፣ አፋፉ ላይ ለቀቃት። ኃይለገብርኤልን ጭነቱ ላይ አስቀምጦ ቆሎውን በእጁ አስጨበጠው። ከዚያ ወዲያ ሊያሻግራት አልቻለም። ያ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት የሚሉት የመሬት ስበት ቁጥር መኪናዋን ቁልቁል ይጎትትበታል።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለ ጦይብ።

ሰው ሁሉ መኪናዋ ማዶ እስክታርፍ ይጠብቃል። አቶ አረጋዊ መሬት መሬቱን ያያሉ። ቆይተው የልጃቸውን ጉልበት መታ መታ አደረጉ።

«ተነስ አሉላዬ፣ እንግባ» አሉ።