አባዬን የት እንውሰደው

እኔን ብትጠይቁኝ የበዓል ቀን ከቤት የሚወጣ ሰው ጤነኛ አይደለም። ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ቀን አንድ ቦታ ካልተጋፋሁ ብሎ ይሞታል። ለለስላሳ ሰልፍ፣ ለሽንት ቤት ሰልፍ፣ ለፎቶ ሰልፍ። ልጅ ይጠፋል፣ ጫማ ይረገጣል፣ ማታ ደግሞ ሁሉም እግሩን እያሸ «እንዴት ደስ ይል ነበር!» ይላል። ደስ ሲለው ግን አላየሁም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የበዓል ሰሞን የሰው ቀሚስ ስቀድና ስሰፋ ወገቤ ስለሚቆረጥ፣ ለእኔ መዝናናት ማለት ፍራሽ ላይ ተዘርሮ ጣሪያ ማየት ነው። ቤተሰቤ ይህን ስል ይስቃል። «አንቺ ደግሞ፣ በዓሉን እንቅልፍ አደረግሽው» ይሉኛል።

በእኛ ቤት የበዓል መውጫ በድምፅ ብልጫ ነው የሚወሰነው። ደንቡን ያወጣው አባዬ ነው። ልጆች ሆነን በየበዓሉ ስንነታረክበት ሲሰለቸው፣ አንድ ዋዜማ ሳሎን ሰበሰበንና «ሁሉም ሐሳቡን ይናገር፤ ከዚያ እጅ ማውጣት ነው፤ የተሸነፈ አያኮርፍም» አለ። ከዚያ ወዲህ ቀርቶ አያውቅም። አባዬ ግን የኛን እጅ ይቆጥራል እንጂ እሱ እጁን አውጥቶ አያውቅም። ሲኒማ ቤት ፊልም አጫዋች ነበር። በዓል ሲመጣ ሲኒማ ቤቱ ይጨናነቃል፤ እኛ ከእናታችን ጋር ስንዞር እሱ ከጣሪያው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ከሚግለው ማሽን ጋር ይውላል። «እኔ ሥራ ገቢ ነኝ፣ ምን አገባኝ» ይል ነበር። ስለዚህ ሰውዬው ራሱ የት መሄድ እንደሚወድ አንዳችንም አናውቅም። እናታችን ታውቅ ይሆናል፤ እሷም የለችም።

ዘንድሮ አባዬ ሥራ ገቢ አይደለም። ጡረታ በወጣ ማግስት ነው ማለት ይቻላል፣ ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝም፤ ከአፉም «እህ» ከምትል ድምፅ በቀር ቃል አይወጣም። ስንናገር ይሰማል፣ ዓይኑ ያውቃል፤ መመለሱ ነው የጠፋበት። የሚኖረው እኔ ጋ ነው። ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስሠራ ያየኛል። እኔም ዝምታ አልወድም፣ ቤቱ ጭር ካለ ያስፈራኛል፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ አወራለታለሁ። የደንበኞቼን ጉድ፣ የጎረቤቱን ጠብ፣ ያሳጠርኩትን ሱሪ። «ሻይ ትፈልጋለህ አባዬ? ትፈልጋለህ። ስኳር ላብዛው? አይ፣ አንተ ስኳር አትወድም።» እኔው ጠይቄ እኔው እመልሳለሁ። ምን ላድርግ?

ዋዜማው ደረሰና ሁሉም እኔ ቤት ተሰበሰቡ። ታላቅ ወንድሜ፣ አባዬ ከታመመ ወዲህ እጅ የሚቆጥረው እሱ ስለሆነ፣ ሊቀመንበር ብለነዋል። ከሚስቱ ጋር መጣ። ታናሽ እህታችን ሚጣም ስልኳን እንደያዘች መጣች፤ እሷ ስልኳን ከምታስቀምጥ እጇን ብትቆርጥ ይቀላታል። የተቆራረጠ ጨርቅ ከሶፋው ላይ ጠርጌ አስቀመጥኳቸው።

«ዘንድሮ የአባዬ በዓል ነው» አለ ሊቀመንበሩ። «ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያዝናና ኖረ፤ አሁን እሱ ይዝናና። ሐይቁ ላይ በጀልባ እንውሰደው። ነፋስ አለ፣ ሙዚቃ አለ።»

«ፀሐይም አለ» አልኩት። «ሲኒማ ቤቱ ነው መሄድ ያለብን። አንድ ቀን እንኳ ከታች ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ፊልም ያየ ይመስላችኋል? ሲኒማውን ነው የሚፈልገው፣ እኔ አውቃለሁ።»

«በምን አወቅሽ?» አለች የወንድሜ ሚስት።

«አብሬው የምኖረው እኔ አይደለሁም እንዴ!»

አባዬ መሀላችን ተቀምጦ አንዴ እኔን አንዴ እነሱን ያያል። ሚጣ፣ ሲኒማው ውስጥ ብርድ እንጂ ፀሐይ የለም ብላ ወደ እኔ ወገነች። ወንድሜና ሚስቱ ጀልባ፣ እኔና ሚጣ ሲኒማ፤ እኩል ለእኩል። ሊቀመንበሩ ተነስቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሺ፣ በደንቡ ይሁን። ጀልባ የምትሉ እጅ አውጡ!»

ልክ ያን ጊዜ የአባዬ ቀኝ እጅ ቀስ እያለ ከጭኑ ላይ ተነሳ። ደረቱ ጋ ደረሰ፣ ትከሻውንም አለፈ። ወይ ጉድ! ቤቱ በአንድ ጊዜ ተደበላለቀ። የወንድሜ ሚስት እልል አለች። ሊቀመንበሩ ተንበርክኮ እግሩን አቀፈው። «እጁን አወጣ! አባዬ እጁን አወጣ! በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ!»

እኔ ግን ፊቱን ነበር የማየው። አዛግቶ ነው። አባዬ ሲያዛጋ ያ የማይታዘዝ እጁ ማንም ሳያዘው ወደ ላይ ይነሳል፤ ማዛጋቱ ሲያበቃ ይወርዳል። በየማለዳው አየዋለሁ። መጀመሪያ ጊዜ እኔም አልቅሼ ሐኪሙ ጋ ሮጬ ነበር፤ «አንዳንዱን ሰው ያደርገዋል፤ ድኗል ማለት አይደለም» ብሎ መልሶኛል።

«ኧረ ስሙኝ!» አልኳቸው። «ሲያዛጋ ነው እንደዚህ የሚሆነው! ጀልባ ቢፈልግ ጤነኛውን፣ ግራውን ያነሳ ነበር!»

«በቃ፣ ተሸነፍሽ፣ አታኩርፊ» አለኝ ሊቀመንበሩ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«ወንድሜን ይንሳኝ እውነቴን ነው! እንዲያውም እሱን ጠይቁት!»

ጠየቁት። «አባዬ፣ ጀልባ ነው አይደል የፈለግከው?» አሉት አራት አምስት ጊዜ፣ ጆሮው ሥር እየጮኹ። አባዬ አንድ በአንድ አየን። «እህ» አለ። ሚጣም ከድታኝ ሄደች። «ለእሱ ደስታ እንኳ መቅናት!» አለችኝ፤ ደሜ ፈላ። ግን ምን አደርጋለሁ? የሰው ደስታ ላይ ቆሜ ማዛጋት ነው፣ ማዛጋት ነው እያልኩ ስጮህ ለራሴም ክፉ ሆኜ ታየሁኝ። እጅና እግሬን ታስሬ ቀረሁ።

በበዓሉ ዕለት አባዬን ከነወንበሩ ተሸክመው ጀልባው ላይ አወጡት። ብርቱካናማ የመንሳፈፊያ ሰደርያ አለበሱት፤ አንገቱ ውስጡ ሰመጠ። ድምፅ ማጉያው ከጭንቅላታችን በላይ ነው፤ ሙዚቃው ጥርስ ያነቃንቃል። ሰው ይጨፍራል፣ ልጅ ይጮኻል፣ ጀልባው ይወዛወዛል። ሊቀመንበሩ በየደቂቃው እየመጣ «እንዴት ነው አባዬ? አሪፍ ነው አይደል?» ይለዋል፣ ሳይሰማ ይሄዳል።

እኔ ከጎኑ አልተነሳሁም። በአንድ እጄ ጃንጥላ ይዣለሁ፣ በሌላው ላቡን እጠርጋለሁ። «አልኳቸው እኮ» እለዋለሁ። «ይሄኔ ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ቀዝቀዝ ብሎህ ቁጭ ብለህ ነበር። እነሱ ምን ያውቃሉ? እኔን ብትሰሙኝ አልኩ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ።»

«እህ» አለ አባዬ።

«ምን? ውሃ? እንካ። አልጠማህም? ፀሐዩ ነው፣ ቆይ ጃንጥላውን ላዙረው። ሙዚቃው ነው? ልንገራቸው? አይሰሙኝም እንጂ ልነግራቸው እችል ነበር።»

«እህ! እህ!» ፊቱ ቀላ፣ ዓይኑ ፈጠጠብኝ። እንደዚህ ሆኖ አያውቅም። ደነገጥኩ።

«ወይኔ አባዬ! ሽንትህ መጣ? አመመህ? ደረትህን ነው? ቤት እንሂድ? ውሃው ነው የሚያስፈራህ? ሲኒማ ቤቱ ትዝ ብሎህ ነው? እንደሱ ነው፣ አውቄያለሁ፣ ነገ እኔ ራሴ እወስድሃለሁ፣ ማንም አያስቀረኝም፣ እነሱን ተዋቸው፣ እኔ እኮ አንተ የምትፈልገውን…»

ግራ እጁን አነሳ። ጤነኛው እጁን ነው፣ እያዘዘው። አፌ ላይ አደረገው።

አልዳበሰኝም። ተጫነኝ። መዳፉ ከንፈሬን ከጥርሴ አጣበቀው፣ ጣቶቹ ጉንጬ ውስጥ ገቡ። በእጁ ሥር አንዴ ልናገር ሞከርኩ፤ ባሰበትና ጠበቀብኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ከታመመ ጀምሮ አንድ ነገር እንዲነግረኝ ስለምነው ኖሬ ነበር፤ ይኸው ነገረኝ። ዓይኑን ጨፈነ። ፊቱ ላይ ያለው ነገር ሁሉ እየረገበ ሄደ፣ ትንፋሹም ረጋ አለ። እንባዬ በጣቶቹ ላይ ወረደ፣ እጁን ግን አላነሳም።

«ኧረ እዩአቸው!» አለች የወንድሜ ሚስት ከኋላዬ። «ፊቷን እየዳበሳት ነው!»

ሊቀመንበሩ ሮጦ መጣ። «አላልኳችሁም? ደስ ሲለው እኮ ነው! እሷም ይኸው አለቀሰች፣ አመነች!»

ሰው ተሰበሰበብን። ሚጣ ፊት ለፊታችን ተንበረከከችና ስልኳን ደቀነች።

«እንዳትንቀሳቀሺ» አለችኝ፣ «በጣም ታምራላችሁ።»

አልተንቀሳቀስኩም።